ለድሮ ማስታንግ 20 ኢንች ቸርኬ ምን ይሠራለታል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የአሜሪካ ማስል ካሮችን (ትልቅ ሞተር የተገጠመላቸውን ፈጣን መኪኖች) የሚያድሱ ሰዎች ሞተሩ ላይ ወራት ይፈጃሉ። ቀለሙ ላይም እንደዚያው። ቸርኬ ላይ ሲደርሱ ግን ፎቶ አይተው በአንድ ምሽት ያዛሉ። ብዙ ጊዜ የሚያዙት ደግሞ 18 ወይም 20 ኢንች ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለእነዚህ መኪኖች የሚሆነው 15 ኢንች ነው ብዬ አምናለሁ። ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ፎርድ ቦስ 302 የተባለውን ማስታንግ አወጣ። ትራንስ አም ለሚባለው የመኪና ውድድር ታስቦ የተሠራ ነው። በዚያ ዓመት የተመረተው 1,628 ብቻ ነበር። የተገጠመለት ቸርኬ ማግነም 500 ነው፤ 15 ኢንች ቁመት፣ 7 ኢንች ስፋት። ጎማው ደግሞ ኤፍ60-15 የሚል የጉድይር ፖሊግላስ ነበር። ፊደሉ ጎማው የሚችለውን ጭነት ይናገራል። 60 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ 60 በመቶ ያህል ነው ማለት ነው። 15 የቸርኬው ልክ ነው። ለዘመኑ በጣም ሰፊ ጎማ ነበር።

የፎርድ መሐንዲሶች ግን ጎማውን ገጥመው ዝም አላሉም። ሰፊ ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ሲይዝ፣ ኩርባ ላይ የሚመጣው ጉልበት ሁሉ ወደ ቦዲው ያልፋል። ስለዚህ የፊት አሞርዛተር የሚታሰርበትን ክፍል አጠናከሩት። ፋብሪካው ራሱ ለ15 ኢንች ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ምንም ባልተነካ ተራ ማስታንግ ላይ 20 ኢንች መጫን እንዴት ቀላል ነገር ይሆናል?

ሂሳቡን እንየው። 235/60 አር 15 የሚል ጎማ ከነቸርኬው ቁመቱ 26 ኢንች ገደማ ነው። ለጎማው ጎን ከላይም ከታችም 5 ኢንች ተኩል ይተርፈዋል። ቁመቱን ሳትቀይሩ ቸርኬውን 20 ካደረጋችሁት የሚተርፈው 3 ኢንች ብቻ ነው። የድሮው ባሌስትራና አሞርዛተር የተሠሩት ጎማው ራሱ ጉድጓዱን እንደሚያለዝብላቸው ታስቦ ነው። ያን ስትነሷቸው ምቱ ቀጥታ ቦዲው ላይ ያርፋል። የጎማውን ጎን ከፍ አድርጌ ልግጠም ካላችሁ ደግሞ ፓራፋንጎውን ይነካል፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ከስሩ ያለውን ሁሉ በዘመናዊ ቀይሮ ትልልቅ ዲስክ ፍሬን ያስገባ ሰው ግን 17 ቢጠቀም አልከራከረውም። ፍሬኑ ቦታ ይፈልጋል።

የብሎኑ አቀማመጥ ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ማስታንግ አምስት ብሎን አለው፤ ብሎኖቹ የተቀመጡበት ክብ 4.5 ኢንች ነው። የካማሮና የሼቬል፣ ማለትም የሼቭሮሌት መኪኖች፣ 4.75 ነው። ልዩነቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይለይም። እንደምንም ታግሎ የገባ ቸርኬ ግን ትክክል አልተቀመጠም፤ እየሄደ ይላላል። የዚያ ዘመን ብዙ የክራይስለር መኪኖች ደግሞ በግራ በኩል ያለው ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ይህን የማያውቅ ጎሚስታ ብሎኑን ይሰብረዋል። ብሎኑ ጫፍ ላይ የተቀረጸ "ኤል" ካያችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን የቸርኬው ጥልቀት ነው። ይህም ቸርኬው ከሚታሰርበት ገጽ እስከ ውስጠኛው ከንፈሩ ያለው ርቀት ነው። 8 ኢንች የሚባል ቸርኬ ከከንፈር ከንፈር ሲለካ 9 ኢንች ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ 4.5 ከሆነ መሃል ላይ ታስሯል ማለት ነው። ከዚያ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባና ባሌስትራውን ይነካል። ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሪው ይከብዳል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን አውልቁና ወደ ውስጥም ወደ ውጭም በሜትር ለኩ። ሁለቱንም ጎን ለኩ፤ የድሮ መኪና ግራና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። የፊቱን ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻው እያዞራችሁ እዩት።

እርግጥ ዛሬ በ15 ኢንች ጥሩ ጎማ ማግኘት ከድሮው ከባድ ሆኗል። ብዙዎች የሚይዙት ቢኤፍ ጉድሪች ራዲያል ቲ/ኤ የሚፈቀድለት ፍጥነት በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ነው። ለውድድር አይሆንም፤ ለመንገድ ግን ይበቃል። የድሮውን ፖሊግላስ መልክ የሚወዱ እንደ ቴነሲው ኮከር ታየር ያሉ ሻጮችን ያውቃሉ። ለኤግዚቢሽን ያምራል። ለመንዳት ግን ራዲያል የሚባለው የዛሬ ዘመን የጎማ አሠራር ይሻላል። ሁለቱን አንድ መኪና ላይ አትቀላቅሉ፤ ኩርባ ላይ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

እነዚህ መኪኖች ብዙ አይነዱም። ስለዚህ ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ ይዘው ይቆያሉ። ይህ በጣም ያስፈራኛል። ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ቀጥሎ በሚመጣው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2309 ካለ እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል አውልቁት። ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፋብሪካው የሰጠውን የብረት ቸርኬ አስጠግናችሁ ቀለም አስቀቡትና አራት አዲስ ጎማ ግዙ።