የጠቆረ ሴረም «በሰለ» አይባልም

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ የተሰጠ የግማሽ ቀን ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። የቫይታሚን ሲ ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) እና የፊት ክሬም ቤት ውስጥ ስለመሥራት ነው። ናሙናዎቹ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ሴረሙ ቀጭን ሻይ መስሏል። አንዷ ለምን እንደጠቆረ ጠየቀች። «በስሎ ነው» አለች አሠልጣኟ።

በስሎ! ወጥ ነው እንዴ?

ቫይታሚን ሲ፣ ማለትም አስኮርቢክ አሲድ፣ ውሃ ውስጥ ከገባ አየርና ብርሃን ያበላሹታል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ። ቆዳ ውስጥ በደንብ እንዲገባ ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.5 በታች መሆን አለበት፤ አብዝቶ ከወረደ ያቃጥላል። አዳራሹ ውስጥ አንዲት የፒኤች ወረቀት አላየሁም።

ይህንንስ ልለፈው። አልዋጥ ያለኝ ስለ እሬት ክሬሙ የተባለው ነው። «የቤት ስለሆነ ማቆያ ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ሁለት ጠብታ ቫይታሚን ኢ ይበቃዋል።» ቫይታሚን ኢ እኮ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሸት ነው የሚያግዘው። ባክቴሪያ አይገድልም!

ይህን የጎንደር እናቶች ድሮ ጨርሰውታል። ለጋ ቅቤ ቶሎ ይሸታል፣ የተነጠረው ይከርማል። ለምን? ሲነጠር ውሃው ተንኖ ያልቃል። ውሃ ከሌለ ባክቴሪያ አይራባም። እርጥብ ማንኪያ ቅቤ ዕቃ ውስጥ የከተተ ልጅ ምን እንደሚደርስበት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እኔ ጭኔን ተቆንጥጫለሁ። ጠላስ ያለ ጌሾ ማን ይጠምቃል? ጌሾ ለምሬት ብቻ የሚገባ የሚመስለው ካለ ጠምቆ አያውቅም። እና ጠላ ጠባቂ ሲኖረው፣ ፊታችን ላይ የምንለድፈው ባዶውን ይቀመጥ? የእሬት ዝልግልጉ 99 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። «ውሃውን አፍልቼዋለሁ» ማለትም አያዋጣም። የፈላ ውሃ ንጹሕ የሚሆነው ጣት እስኪገባበት ነው።

ከማቆያዎቹ አንዱ ፌኖክሲኤታኖል ነው። አውሮፓውያን ከ1 በመቶ በላይ አይፈቅዱም። ለ100 ግራም ክሬም 1 ግራም ማለት ነው። ይህ በሻይ ማንኪያ ይለካል? 1 ግራም ወርቅ በማንኪያ የሰፈረላችሁ ወርቅ ሠሪ አለ?

ቤት ውስጥ አትሥሩ አላልኩም። ውሃ የሌለው ቅባት ከሆነ እሰየው። ውሃ ከገባበት ግን ሚዛን ግዙ፣ ማቆያ ጨምሩ። ካልሆነ ተዉት።

በስጦታ የተሰጠኝ ሴረም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በየቀኑ ይጠቁራል። ትናንት እናቴ አንስታ አየችውና «ይኼ ደግሞ የምን ቅራሪ ነው?» አለችኝ።