ቢጫ ያልሆነው እርድ

ህንዶች በእርድ ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ለአንድ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል «እርድ ቁስል ያድናል» በሚል የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጠች። አያቶቻቸው ሲቀቡት የኖሩትን! የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍ ሳይቀር ማስረጃ አድርጎ ተሟገተ። በ1997 መብቱ ተሰረዘ።

ጉዱ ያለው፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የረታ ሕዝብ ሰፈሩ ሱቅ ላይ ሲሸወድ ነው።

በደቡብ ህንድ ኬረላ ውስጥ፣ ከድሮ የህንድ አስተማሪዎቻችን ብዙዎቹ በመጡበት ግዛት፣ ካስቱሪ ማንጃል የሚሉት የእርድ ዘመድ አለ። አዩርቬዳ በሚሉት የህንድ ባህላዊ ሕክምና የዱር እርድ ነው። እንደኛ እርድ አልጫ ውስጥ አይገባም። ለቆዳ ሕመም፣ ለወለምታ፣ ለብልዝ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን የፊት ነገር ነው፤ ሴቶቹ ለብጉርና ለጥራት ይቀቡታል።

ታዲያ የእውነተኛው ሥር ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫ አይደለም። ገርጣ ያለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። ሽታው ካምፎር ካምፎር ይላል። ፊት ላይ ቀለም አይተውም። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፤ መቀባትሽ ካልታየ ምኑን ተቀባሽው?

ሻጩ እውነተኛውን ቢያወጣ ገዢዋ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ታሸዋለች።

«ይሄማ የፉርኖ ዱቄት ነው። ቢጫው የለህም?»

«እትዬ፣ ዋናው እኮ ይሄ ነው።»

«ተወኝ ባክህ!»

እሱስ ምን ያድርግ? ልጅ ያሳድጋል። ማንጃኩቫ የሚባለውን ሌላውን ዘመድ፣ ቢጫውን፣ ፈጭቶ «ካስቱሪ» ብሎ ይደረድራል። ገበያ ላይ በዚህ ስም ከሚሸጠው ብዙው ይኸው ነው። ያለ መርፌ ታከምኩ የማይል ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ በእነሱ ባይስቅ ይሻላል።

ማንጃኩቫም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ በአዩርቬዳ ለሆድና ለሳል የሚታዘዝ ነው። እና ሴትየዋ የሆድ መድኃኒት ፊቷን ተለቅልቃ፣ አንገቷ ድረስ ቢጫ ሆና፣ ሠርግ ቤት ትገባለች። አክስቶቿ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሯታል።

«አየሽ? ዋናው እንዲህ ነው የሚይዘው! ከየት ገዛሽው?»