ይድረስ ከፊቴ ለተቀመጡት ኮከብ

ጉዳዩ፦ በአንድ ትኬት ሁለት ቲያትር ስላሳዩን ምስጋና ስለማቅረብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስምዎን አላውቀውም። የእህትዎ ልጅ ፈተና መውደቁን ግን አውቃለሁ። አለቃዎ ጠባየ ቢስ መሆኑንም፣ አዲሱ ጫማዎ እንደጠበብዎትም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያጫወቱን መድረኩ ላይ አባትየው ልጁ እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ሲለምን ነው። እሱ ምን ብሎ እንደለመነ አልሰማንም። የእርስዎን ግን ሦስት ረድፍ ሰው አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰማ። ተዋናይ ድምፁን እስከ ኋላ ወንበር ለማድረስ ለዓመታት ይለማመዳል። እርስዎ በሹክሹክታ ብቻ አደረሱት።

ይህ ደብዳቤ ወቀሳ እንዳይመስልዎ። ወቀሳ ይሉኝታ ላለው ሰው ነው። እኔ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

ከአመጣጥዎ ልጀምር። ኮከብ መቼም ቀድሞ አይገባም። መጋረጃው ተገልጦ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሰው ገና ከታሪኩ ጋር ሲተዋወቅ ከተፍ አሉ። የስልክዎን ባትሪ አብርተው የወንበር ቁጥር ፈለጉ። ባትሪው ከቁጥሩ በፊት የእኛን ዓይን አገኘ። ከዚያ በሰው ጉልበት ላይ ጉዞ ተጀመረ። እርስዎ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላሉ። ቦርሳዎ ግን ይቅርታ አይልም፤ የሁሉንም ጭንቅላት በየተራ እየተሳለመ አለፈ። በመጨረሻ ተቀመጡ። ረድፉ የእርስዎ አልነበረም። ተነሱ። ጉዞው ወደ ኋላ ተደገመ።

ቀድሞ የመጣው ጓደኛዎ አጠገብ ሲደላደሉ የመጀመሪያ ጥያቄዎ "ምን አመለጠኝ?" የሚል ሆነ። ጓደኛዎም ደግ ሰው ነው፣ ማስረዳት ጀመረ። እሱ ያለፈውን ሲያስረዳ አሁን ያለው አለፈ። ስለዚህ ያም መብራራት ነበረበት። በዚህ አካሄድ ቲያትሩን ሁለታችሁም ሳታዩት ሙሉውን ተወያያችሁበት።

ደግሞ ወገን የለኝም ብለው እንዳያዝኑ። የሮማው ጸሐፌ ተውኔት ፕላውተስ ከ2200 ዓመት ገደማ በፊት እርስዎን የመሰሉ ሰዎች ያውቅ ነበር። በአንዱ ኮሜዲው መግቢያ ላይ ለተመልካች ትእዛዝ ይሰጣል። ተዋናይ መድረክ ላይ ሳለ ሰው ለማስቀመጥ በተመልካች ፊት የሚመላለስ አይኑር ይላል። ቤቱ ተኝቶ የዘገየ ሰው ችሎ ይቁም ይላል። ሞግዚቶች ሕፃናቱን እቤት ይጠብቁ ይላል። ይህ ሁሉ ምን ጠቀመ? ሰውዬው የተናገረው መግቢያው ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ መግቢያ ላይ ደርሰው አያውቁም።

ወደ ስልክዎ ልለፍ። ድምፁን ማጥፋትዎን አድንቄያለሁ፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል። ጨለማ ውስጥ ግን ብርሃንም ይጮኻል። ድሮ አዳራሽ አይጨልምም ነበር። ሻማውና ፋኖሱ ከመድረኩም ከተመልካቹም በላይ ይበራል። ሰውም ቲያትሩን ትቶ ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን ምን ለበሰ እያለ ይተያያል። የኦፔራ ደራሲው ሪቻርድ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1876 በጀርመን ባይሮይት ከተማ ቲያትር ቤቱን ሲከፍት አዳራሹን አጨለመው። ዓይን ሁሉ መድረኩ ላይ እንዲያርፍ ፈልጎ ነው። ልማዱም ቀስ በቀስ ዓለምን አዳረሰ። እርስዎ ዋግነር ያጠፋውን መብራት በኪስዎ ይዘው መጡ።

ተዋናዩ አያየኝም ብለው ይሆናል። የመድረክ መብራት ዓይኑ ላይ ስለሚያርፍ የሩቁ ሰው አይታየውም፣ እውነት ነው። የፊት ረድፎችን ግን ያያል። በስልክ ብርሃን የተለበለበ ፊት ደግሞ ከሩቅም አይሰወረውም፤ ጨለማው ውስጥ ብቻውን የሚንሳፈፍ ሰማያዊ ፊት። የሙት መንፈስ የሚመጣበት ትዕይንት ቢሆን ለዝግጅቱ ጥሩ ነበር። እርስዎ ግን የተገለጡት በሠርጉ ላይ ነው።

ቀረፃዎንም ሳላነሳ አላልፍም። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ስልኩን ከጭንቅላትዎ በላይ ሰቀሉት። ሕያው ሰው ከፊትዎ ቆሞ እያለቀሰ እርስዎ እሱኑ አውራ ጣት በሚያክል መጠን ያዩታል። እኔም አየሁት፤ ምክንያቱም መድረኩ በክንድዎ ስለተሸፈነ የቀረኝ አማራጭ የእርስዎ ስክሪን ነበር። በኋላ እቤትዎ ሲከፍቱት የሚያገኙትን አስቀድሜ ልንገርዎ። የደበዘዘ ብርሃን ይታያል። የአንድ ሰው ማጅራት ይታያል። ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው "እየቀዳ ነው እንዴ?" የሚለው የራስዎ ድምፅ ነው።

ከዚያ ተደወለ። ድምፁን መልሰው የከፈቱት ለቀረፃው ይሁን ለእኛ አልገባኝም። ብቻ ተደወለ። ያን ጊዜ መድረኩ ላይ ዝምታ ነበር። ይህ ዝምታ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስልዎ። አዘጋጁ በልምምድ ላይ ሰከንድ እየቆጠረ ያበጀው ነው። ተዋናይዋ ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰች። ቀና አለች። አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ልትናገር አፏን ስትከፍት የእርስዎ ኪስ በዘፈን መለሰላት።

እርስዎም አላፈሩም። አነሱት። ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ ያለ ሰው አይሰማም የሚል እምነት አለዎት መሰለኝ። "ቲያትር ላይ ነኝ" አሉ። ሰውየው አልሰማም። "ቲያትር! ቲ-ያ-ት-ር!" አሉ። እንዲህ ጥርት ያለ አነጋገር ከመድረኩም አልሰማንም። ከዚያ "እሺ ንገረኝ" አሉት። ነገረዎት። ተዋናይዋ ጠበቀችዎት። ፊልም ቢሆን ተመልሶ ይታያል፣ ሌላ ቀን ይደገማል። ያቺ ቅጽበት ግን እዚያው ቀረች።

አንዳንድ ተዋናይ እንዲህ ያለውን ተሰጥኦ አይታገስም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ውስጥ ፓቲ ሉፖን የተባለችው ስመ ጥር ተዋናይት አንዲት ተመልካች በትርኢቱ መሐል መልእክት ስትጽፍ አየቻት። ከመድረክ ስትወጣ በአጠገቧ አለፈችና ስልኩን ከእጇ መንጭቃ ይዛው ሄደች። የተመለሰላት ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ነው። ቅናት ይመስለኛል።

በዚያው ወር፣ በዚያው ከተማ፣ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ባሉበት ብሮድዌይ ላይ የእርስዎ ወገን አንድ ታላቅ ሥራ ሠራ። ትርኢቱ ሊጀመር ሲል አንድ ወጣት ተመልካች መድረኩ ላይ ወጣ። የስልኩ ባትሪ አልቆበታል። በተሠራው ቤት ግድግዳ ላይ ሶኬት አየ፣ ቻርጀሩን ሰካ። ሶኬቱ የውሸት ነበር፤ ለዲኮር የተሠራ። ለዚህ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ደራሲ፣ አዘጋጅና ዲኮር ሠሪ የሚደክሙት ተመልካች ያየውን እውነት ብሎ እንዲያምን ነው። እንደዚህ ልጅ ከልቡ ያመነላቸው ግን ያለ አይመስለኝም።

ከረሜላዎን ረስቼው ነበር። እዚህ ላይ እንኳ አዘኔታ አሳይተዋል፤ ሰው እንዳይረበሽ ብለው ወረቀቱን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ትዕይንት ሙሉ ፈቱት። ያሳዝናል፣ ሳይንሱ ከእርስዎ ጋር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የፊዚክስ ሰዎች ይህንኑ የከረሜላ ወረቀት መርምረዋል። ድምፁ አንድ ወጥ አይደለም። የተጨማደደው ፕላስቲክ ከአንድ ቅርፅ ወደ ሌላ በዘለለ ቁጥር የሚያወጣው የብዙ ጥቃቅን "ቋ" ድምር ነው። ቀስ ብለው ቢፈቱት እያንዳንዷ "ቋ" አትቀንስም። በመሐላቸው ያለው ጊዜ ብቻ ይረዝማል። ማለትም ጭካኔውን አላለዘቡትም፣ አስረዘሙት እንጂ።

ስለ መብላት ካነሳን፣ አርስቶትል የታዘበው አለ። ሰው ቲያትር ቤት ጣፋጭ አብዝቶ የሚበላው ተዋንያኑ ደካማ ሲሆኑ ነው ይላል። ለተዋናይ ትልቅ መለኪያ ነው፤ የመንጋጋውን ድምፅ ሰምቶ ውጤቱን ያውቃል። እርስዎ ግን መለኪያውን አበላሹት። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሞትም ይሁን ሠርግ፣ ማኘክዎ ፍጥነቱን አይቀይርም።

እዚህ ላይ ከሽሙጡ ትንሽ ልውጣና አንድ ነገር ልበል። እኔ ተመልካች እንደ ሐውልት ይቀመጥ የምል ሰው አይደለሁም። ሳቅ የሌለበት ኮሜዲ በቁሙ ይሞታል። ተዋናይ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ነው ቀጣዩን ቃል የሚናገረው። ገዳዩ ከበሩ ጀርባ ተደብቆ ሳለ ከመሐል አዳራሽ "ኧረ ከኋላህ ነው!" ብሎ የጮኸ ሰው ብሰማ እስቅ ይሆናል እንጂ አልቀየመውም። ይኼ ሰው ቲያትሩ ውስጥ ነው ያለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ክላክ የሚባሉ በክፍያ የሚያጨበጭቡ ሰዎች ነበሩ። ሳቂው ለብቻ፣ አልቃሹም ለብቻ ይቀጠር ነበር። ውሸታሞች ናቸው፣ አልክድም። ግን እነሱ እንኳ የት ላይ እንደሚያለቅሱ ለማወቅ ቲያትሩን መከታተል ነበረባቸው። የእርስዎ ጫጫታ ከመድረኩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እዚያ ለሌለ ሰው የሚጻፍ፣ እዚያ ለሌለ ሰው የሚወራ ነው።

ከጥንት ሰዎች ውስጥ እውነተኛ ዘመድዎን ስፈልግ ያገኘሁት የፓሪስ መኳንንትን ነው። እነዚህ ሰዎች ወንበራቸው ራሱ መድረኩ ላይ ነበር። ከፍለው ከተዋንያኑ ጎን ይቀመጣሉ። ያወራሉ፣ ይነሳሉ፣ ይሰናበታሉ። እ.ኤ.አ. በ1748 በፈረንሳዊው ጸሐፊ በቮልቴር ተውኔት ላይ የሟች መንፈስ ሊወጣ ቢል በሰው ብዛት መተላለፊያ አጥቶ፣ "ለመንፈሱ መንገድ ልቀቁ!" ተብሎ እስኪጮህ ድረስ ተቸግሮ ነበር ይባላል። መኳንንቱ ከዚያ መድረክ ላይ የተነሱት በ1759 ነው። ወዴት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። አሁን ከፊቴ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

አንድ የግሪክ ሰውም ስለ እርስዎ ጽፏል፤ ቴዎፍራስጦስ ይባላል፣ የአርስቶትል ተማሪ ነው። የሰውን ጠባይ እየለየ ሲጽፍ ዓይን አውጣውን የሚያውቀው ቲያትር ቤት ነው። ሌላው ማጨብጨቡን ሲያቆም እሱ ያጨበጭባል። ሌላው የወደደውን ተዋናይ እሱ ያፏጭበታል። አዳራሹ ጸጥ ሲል ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየው ቀና ብሎ ያገሳል። ቂሉንም እዚያው አስቀምጦታል፤ ተኝቶ ሰው ሁሉ ሲወጣ ብቻውን የሚቀር ነው። እርስዎ ስላልተኙ ወደዚህኛው አልመደብኩዎትም። የሚተኛ ሰው የተባረከ ነው፣ ካላንኮራፋ።

ደግሞም እርስዎ ብቻዎን አይቀሩም። መጨረሻው ሲቃረብ ኮትዎን ለበሱ። ተዋንያኑ እጅ ለእጅ ተያይዘው እጅ ሊነሱ ወደ ፊት ሲመጡ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተዋቸው ወደ በሩ ዞሩ። ቦርሳዎ ጭንቅላታችንን በድጋሚ ተሳለመ። በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ ለመቅደም መሆኑ ይገባኛል። ይህን ብቻ ነው የማልስማማበት። እኩል ሠርታችኋል፣ ቆመው እጅ መንሳት ይገባዎት ነበር። ሰው ሁሉ እርስዎን ሲያይ አምሽቶ የለም እንዴ?

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። የሚቀጥለው ትርኢትዎ መቼና የት እንደሆነ አስቀድመው ያሳውቁን። የስንት ሰዓቱ እንደሆነም ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል። ትኬት የምንቆርጠው በሌላው ቀን እንዲሆን ነው።

ከአክብሮት ጋር
ማጅራትዎን ከተዋንያኑ ፊት ይልቅ የሚያውቀው፣ የኋላ ረድፍ ተመልካች

ግልባጭ፦
ለጓደኛዎ፣ ሰው ሲጠይቀው ታሪኩን አሳጥሮ እንዲናገር።
በዝምታው መሐል ለደወለልዎ ሰው፣ ቲያትር ላይ ነበሩ።