ያን ሁሉ ዓመት ኢንሹራንስ የከፈልኩት ለማን ነው?

ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ 35 ፓውንድ ከፍያለሁ። ከሥራ ብቀነስ ልጆቼ እንዳይቸገሩ ብዬ የገባሁት ኢንሹራንስ ነው። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት፤ 2,520 ፓውንድ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እዚህ እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ እባካችሁ ይሄን አንብቡት። ለኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ወዲያው ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። «ሥራ ፈላጊ ሆነህ መመዝገብህን የሚያሳይ ማስረጃ ላክ» አሉኝ። ስለዚህ ዩኒቨርሳል ክሬዲት አመለከትኩ፤ መንግሥት ገቢው ላነሰ ቤተሰብ በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ ነው። እሱ የመጀመሪያውን ክፍያ ለማግኘት አምስት ሳምንት ያስጠብቃል። የኢንሹራንሱ ውል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት አይሸፍንም፤ ከዚያ በኋላ ያለውንም የሚከፍለው ወሩ ሲሞላ ነው። በዚህ መሃል ቤተሰቡ የበላው ስወጣ ከተሰጠኝ ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ከ6,000 ፓውንድ በታች ስለነበር ዩኒቨርሳል ክሬዲቴን አልቀነሰብኝም። ቁጠባው ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይቀነስበታል፣ ከ16,000 ካለፈ ደግሞ ጭራሽ አያገኝም።

በመጨረሻ ኢንሹራንሱ በወር 1,100 ፓውንድ መክፈል ጀመረ። ባለቤቴ እፎይ አለች። እኔም እፎይ አልኩ።

ከዚያ የዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ስሌት መጣ። ለኛ ቤተሰብ፣ ለባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ወደ 1,250 ፓውንድ ነበር። ከሱ ላይ 1,100ው እንዳለ ተቀንሷል። የተረፈልን 150 ፓውንድ ነው።

ሒሳቡን እዩት። 1,100 እና 150 ሲደመር 1,250። ያለ ኢንሹራንስ የማገኘው ያንኑ ነበር። አብሮኝ የተቀነሰው ጓደኛዬ፣ እንደኔው የሁለት ልጆች አባት፣ ኢንሹራንስ ኖሮት አያውቅም። በወር እጁ የሚገባው ከኔ ጋር እኩል ነው። በሱ ቅር አልሰኝም፤ ያገኘው የሚገባውን ነው። እኔ የምጠይቀው የኔ 2,520 ፓውንድ የት ገባ ነው።

ስህተት መስሎኝ ደወልኩ። ስህተት አይደለም፣ ደንቡ ነው። በሕጉ ከሥራ መቀነስን የሚሸፍን ኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ «ሳይሠራ የተገኘ ገቢ» ይባላል፤ እንዲህ ያለ ገቢ ደግሞ ፓውንድ በፓውንድ ይቀነሳል። ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ፓውንድ 55 ሳንቲሙን ነበር የሚወስዱት። ልጅ ላለው ሰው እንዲያውም ከደመወዙ መጀመሪያ ላይ የማይነካ መጠን አለ። ሳይሠራ የተገኘ! የጠዋት ፈረቃ፣ የሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣ ግብር ከተቆረጠበት ደመወዜ ላይ ነው የከፈልኩት። በዚያ ላይ መንግሥት ከኢንሹራንስ ክፍያው ላይ 12 በመቶ ታክስ ይወስዳል። ስከፍል ወሰደ፣ ስቀበልም ወሰደ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ኒው ስታይል ጆብሲከርስ አላውንስ የሚባል፣ ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚሰጥ ሌላ የመንግሥት ክፍያ አለ። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም ከደመወዝ ተቆርጦ ለመንግሥት የሚገባውን መዋጮ፣ ለከፈለ ሰው የሚሰጥ ነው። ቁጠባ አያይም፣ የትዳር ጓደኛን ገቢ አያይም። የግል ኢንሹራንስ የሚከፍልህም አይቀንሰውም። ከ25 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት ወደ 90 ፓውንድ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ሥራ ፈላጊ ለመሆንም ማስረጃ ይሆናል።

እሱን ብጠይቅ ኖሮ 1,100ው ላይ በወር ወደ 390 ፓውንድ ይጨመርልኝ ነበር። ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ዜሮ ይሆናል፤ ይሁን። በጠቅላላው ግን በወር ወደ 240 ፓውንድ የበለጠ ቤቴ ይገባ ነበር። 240 ፓውንድ ማለት ለኛ የመብራትና የጋዝ ሒሳብ፣ የልጆቹ ጫማ ነው።

ይሄንን ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከአንዲት ጎረቤት። ኢንሹራንሱን ስገዛ ሻጩ ቤኔፊት፣ የመንግሥት ድጎማ፣ የሚባል ነገር አላነሳም። ገንዘቡን ስጠይቅ በስልክ ያናገሩኝም «ማስረጃ አምጣ» አሉ እንጂ የትኛውን ላመልክት አላሉኝም። ያመለከትኩበት ቢሮ ኢንሹራንስ እንዳለኝ ፎርሙ ላይ አይቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃኝ። «ሌላኛውንም አመልክት» የሚል።

አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ራሱን ችሎ ለክፉ ቀን የከፈለ ሰው ቢያንስ እንደ ደመወዝተኛ ይታይለት። 55ቱን ውሰዱ፣ 45ቱን ተዉለት።

እናንተ ደግሞ ከሥራ ከተቀነሳችሁ፣ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ሁለቱንም ቤኔፊት ጠይቁ፤ ነፃ ምክር የሚሰጥ ቦታ ሄዳችሁ አስሰሉ። ቀኑ አይለፋችሁ። እኔ ያለፉት ሁለት ወራት ወደ ኋላ ተቆጥረው እንዲከፈሉኝ አመልክቼ ነበር። መልሱ ባለፈው ሐሙስ መጣ፤ ለመዘግየቴ በቂ ምክንያት አላቀረብኩም ይላል። ያቀረብኩት ምክንያት አንድ ነበር፤ የነገረኝ ሰው የለም።