ባሕር ዳር የአንድ ሌሊት ማደሪያ አትሁን

የሰሜኑ የጉብኝት መስመር ለባሕር ዳር የሚተውላት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ጠዋት በጀልባ ዘጌ፣ ከሰዓት በኋላ ጢስ ዓባይ፣ በማግስቱ ማልዶ ጎንደር። ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ይዞ የሚነሳውም ሰው ይህንኑ ይደግማል። ይህ ልማድ ተጓዡንም የጣናን ዳርቻ ሕዝብም ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ሰሜኑን በአንድ ሳምንት ለማካለል ከመሮጥ ሻንጣን ባሕር ዳር አስቀምጦ አራት አምስት ሌሊት ማደር፣ በየጠዋቱ በአንድ አቅጣጫ ወጥቶ ማታ መመለስ እጅግ ይሻላል።

ከተማዋ ለዚህ የተመቸች ናት። በጣና ደቡባዊ ጫፍ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ጀልባ የሚነሳበት ዳርቻ ከብዙዎቹ ሆቴሎች በእግር ይደረስበታል። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝም የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ወረታ የሚያቀና ሰው ደግሞ የፎገራን ሜዳና የሩዝ ማሳውን እያየ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ አውራ አምባ ይደርሳል። ሴትና ወንድ ሥራን ሳይለዩ የሚሠሩበትን ያንን መንደር የሸማ ሥራውን አይቶ፣ ነዋሪዎቹን አነጋግሮ ለመመለስ አንድ ቀን በቂ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የዘጌ ነገር ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ የወረደ እንግዳ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣል፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉትን ሥዕሎች ያያል፣ ከመንገድ ዳር ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ይገዛል፣ ከዚያ ባለ ጀልባው ይጠራዋል። ዘጌን አየሁ ብሎ ይመለሳል። ዘጌ ግን ደኗም ነች። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ እንዲተዳደር፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ ታዘዘ። በጣና ዙሪያ ያለው መሬት አብዛኛው ታርሶ ሳለ የዘጌ ደን እስከ ዛሬ መቆሙ ከዚህ እምነት ጋር የተያያዘ ነው። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከኡራ ወደ አዝዋ ማርያም በዚያ ጥላ ውስጥ በእግር የሄደ፣ ከቤተሰብ ደጅ ቁጭ ብሎ የዘጌን ቡና እስከ በረካ የጠጣ፣ ምሳውንም እዚያው የበላ ሰው ከሥዕሎቹ ጋር ሥዕሎቹን ያቆየውን ኑሮ ያያል። ይህ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ጢስ ዓባይ የተያዘበት መርሐ ግብር ይህን ቀን ይሰርቃል።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። እንግዳው በከተማ አድሮ፣ በከተማ ቁርሱንና እራቱን በልቶ፣ በችኮላ ደርሶ ከተመለሰ ለዘጌ የሚተርፋት የመግቢያ ክፍያና የአንዲት ታንኳ ዋጋ ነው። ስለዚህ ከተማዋን መነሻ ማድረግ መልካም የሚሆነው ምሳው፣ ቡናው፣ የአስጎብኚው ክፍያ በተሄደበት ቦታ ሲቀር ነው። ለዚህ ሆቴሎቹም ድርሻ አላቸው፤ ምሳ ቋጥረው ባይሰጡ እመርጣለሁ።

ጢስ ዓባይ የራሱን ጠዋት ይሻል፤ ወቅቱም ይለያል። ውኃው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከኃይል ማመንጫ ጋር ይጋራል፣ በበጋ የሚቀረው ጥቂት ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የሄደ ሰው ስሙን ያወጣለትን ጭስ ያያል። በጥር የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ለእርሱም ቢሆን እዚያው ፏፏቴው አቅራቢያ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ በጋ ከክረምት አይልበትም።

ሁሉም ግን የአንድ ቀን መንገድ አይደለም። ጎንደር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ የሚሄድባት ሰው የፋሲልን ግቢ በሩጫ አይቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ይተዋል። ጎንደር የራሷ ሌሊቶች ይገቧታል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴና ዳጋ እስጢፋኖስም በሐይቁ መካከል ስለሆኑ ገና ሲነጋ መነሳትን ይጠይቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አያስተማምንም።

ስለ ጸጥታው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ክልሉ ካለፉት ዓመታት ግጭት ብዙ ተጎድቷል፣ ጀልባ ቀዛፊውና አስጎብኚውም እንጀራቸውን አጥተው ከርመዋል። ማንም ሰው መንገዱን ሳይጠይቅ ውጣ አልልም። ነገር ግን በአንድ ከተማ የተቀመጠ ሰው በየጠዋቱ ጠይቆ ይወስናል። የወረታ መንገድ ከተዘጋ አውራ አምባን ለሌላ ቀን ትቶ ሌላ አቅጣጫ ይጠይቃል፤ ምንም ካልተገኘ በሐይቁ ዳር ይውላል። በየዕለቱ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዛወር ሰው ግን አንድ መንገድ ሲዘጋ የጉዞው ሁሉ ሰንሰለት ይበጠሳል።

ከከተማ አስተዳደሩና ከጀልባ ማኅበራቱ የምንጠብቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ጀልባ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ ዋጋውን፣ የመነሻ ሰዓቱንና የሚፈጀውን ጊዜ በአማርኛ ጽፎ መስቀል። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸውን ገዳማት ከክፍያ በፊት መንገር፤ ቤተሰብ ግማሹ ጀልባ ላይ እንዲጠብቅ የሚገደደው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ በየዕለቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ የሚነሳ፣ በመቀመጫ የሚከፈልበት የጋራ ጀልባ ማስጀመር። ዛሬ ብቻውን የመጣ ተማሪ ወይም መምህር የሙሉ ጀልባ ኮንትራት ስለሚጠየቅ ሐይቁን ከዳር ሆኖ አይቶ ይመለሳል።