በነጻ አስተካከልኩልህ

ትናንት አመሻሹ ላይ አንድ ወርቅ ሠሪ የእናቴን ቀለበት አበላሸና ፊት ለፊቴ ቆሞ ምስጋና ጠበቀ። ስሙን አልጠራም፤ ሱቁም የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ በኩል ነው ከማለት አላልፍም፤ በዚያ አካባቢ ያላችሁ ሌሎች ወርቅ ሠሪዎች ይቅር በሉኝ። አበላሸ ስል ሰበረው፣ አቀለጠው ወይም ጣለው ማለቴ አይደለም። እንዲያ ቢሆንማ ጮኼ፣ መንገደኛ ሰብስቤ፣ ሽማግሌ አስቀምጬ፣ ካሳዬን ተቀብዬ እገላገል ነበር። እሱ ያደረገው ለጩኸት የማይመች ነገር ነው፤ አስተካከለው።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ማለት ብዙም ዜና አይደለም፤ ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ግማሻችን የባቡር ልጆች ነን። በ1957 ዓ.ም. እናቴን ሲያገባ ከደመወዙ ቆጥቦ የወርቅ ቀለበት አሠራላት፤ በውስጡም ዓመተ ምሕረቱን አስቀረጸበት። ቀራጩ ሙቀቱ ይሁን ሐሳብ ይዞት ይሁን እንጃ፣ 5ን እና 7ን አቀያየራቸው። ቀለበቱ 1975 አለ።

እናቴ እንግዲህ ዓመቱ ገና ያልደረሰ ቀለበት አድርጋ 18 ዓመት ኖረች። አባቴ ወስዶ ሊያስለውጠው ሲል እምቢ አለች፤ «አንዴ ከጣቴ ከወጣ በመጣበት መልኩ አይመለስም» ብላ ነው አሉ። (ሴትዮዋ ወርቅ ሠሪን ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር።) በቀለበቱ ሒሳብ ከሄድን እኔና ሦስት እህቶቼ የተወለድነው ወላጆቻችን ገና ሳይጋቡ ነው፤ «ሠርጋቸው ሲደርስ ሚዜዎቹ እኛ ነን» እየተባባልን አደግን። አባቴ ሲቆጣ «እኔ እስከ 75 እጮኛሽ ነኝ፤ እጮኛ ደግሞ ውኃ አይቀዳም» ይላታል። በ1975 የዘመን መለወጫ ዕለት እናቴ ዶሮዋን ሠርታ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ «ዛሬ ቀለበቴ ደረሰ» አለች። አባቴ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሮ፣ አዲስ ሙሽራ መስሎ፣ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ ያ ቀለበት በእናቴ ጣት ላይ ነበር። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት ጠርጎ ሲሄድም ነበር። ጦርነትና ጎርፍ ያልደፈሩትን ቁጥር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ፋቀው።

ልጄ ጥር ላይ ታገባለች። ቀለበቱ ለእሷ እንዲሆን እናቴ በሕይወት ሳለች ተናግራ ነበር፤ ለካነው፣ ሰፋት። የእናቴ ጣት ሲያሹበት፣ ሲወቅጡበትና ሲያጥቡበት የኖሩበት ጣት ነው፤ የልጄ ኮምፒውተር ከመንካት ሌላ የሚያውቀው የለም። ማጥበብ ደግሞ ተአምር አይጠይቅም። ቀለበቱ ይቆረጣል፣ ትንሽ ቁራጭ ይወጣለታል፣ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ይበየዳል፣ ይወለወላል፤ አለቀ። ባለቤቴ «ሐረር ውሰደው፤ ጀጎል ውስጥ ጌጥ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም» ብላኝ ነበር። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ መውረድ። ሰነፍኩ። ይህን ባለቤቴ እንዳታነበው እያልኩ ነው የምጽፈው።

ሌላው ጥፋት ደግሞ የእኔው አፍ ነው። ቀለበቱን ስሰጠው እንዲጠነቀቅልኝ ብዬ ታሪኩን አንድ ሳላስቀር ተረክሁለት። «ውስጡ 1975 ይላል፤ የተጋቡት ግን በ57 ነው፤ አደራህን» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «አደራህን» የሚለውን ቃል እንዴት እንደተረዳው የገባኝ ትናንት ነው።

ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ «ቅዳሜ ና» አለኝ፤ ቅዳሜ «ሰኞ»። ሰኞ በስምንት ሰዓት ሄጄ ዝግ በር ስደበድብ አንድ ሕፃን እንደ እብድ አየኝ። ልክ ነው፤ የድሬ ሱቅ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይተኛል፣ ቀሪው ደግሞ የጫት በርጫ ላይ ነው፤ ይህን እያወቅኩ እንጂ ሳላውቅ አይደለም የሄድኩት፤ ንዴት ሰዓት አያይም። የእኩለ ቀኑን መዘጋት ግን አልነቅፍም። በዚህ ፀሐይ «ልሥራ» የሚል ሰው ነው ሐኪም ሊያየው የሚገባው። ጥላ ያለው በጥላው፣ የሌለው...

ጥላ ካልኩ አይቀር፣ የኒም ዛፌን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የከዚራን ሰፈር የሚያውቅ ሰው መንገዶቹን ያቀዘቀዟቸው ኒሞች መሆናቸውን ያውቃል። እኔም ግቢዬ ውስጥ አንድ ነበረኝ፤ አባቴ የተከለው፤ ከሥሩ አልጋ አውጥተን የምናድርበት። የዛሬ 12 ዓመት ግንቦት ላይ ሐረር ለቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ዛፉ የስልክ እንጨት ሆኖ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ቅጠሉ ግቢህን ሲያቆሽሽብህ አይቼ አሳመርኩልህ» አለኝ። ቅርንጫፎቹስ ብል፣ የፍየሎቹ አጥር ሆነዋል። እሱም በነጻ ነው፤ ለቆራጩ የከፈለው ከኪሱ መሆኑን ዓመቱን ሙሉ ነግሮኛል። ያን ግንቦትና ሰኔ እንዴት እንዳለፍን የሚያውቁት አንሶላዎቻችን ብቻ ናቸው። አሁንም ሰላም እንባባላለን፤ ዕድራችንም አንድ ነው። ቡና ሲጠራኝ እሄዳለሁ፤ አቦሉንና ቶናውን ጠጥቼ በረካው ሳይደርስ እነሳለሁ። ለምን እንደምነሳ 12 ዓመት ሙሉ አልገባውም፤ «ሥራ ይበዛበታል» እያለ ያዝንልኛል።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ከትንሽ ላስቲክ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ያበራል። እናቴ ቀለበት ላይ የነበረው ጭረት፣ ያ የሙቀጫው፣ ያ የበሩ መቀርቀሪያ ጠባሳ ሁሉ ጠፍቷል፤ ትናንት የተገዛ መስሏል። ይህንስ ዋጥኩት። ከዚያ «አቦ፣ ውስጡን አላየኸውም እንዴ?» አለኝ። መነጽሬን አደረግኩ። 1957። በመሣሪያ የተቀረጸ፣ ቀጥ ያለ፣ የባንክ ማኅተም የመሰለ 1957።

«ስህተቱን ፋቅኩና በነጻ አስተካከልኩልህ» አለ። «ወላሂ፣ ለእናትህ ስል ነው።»

ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ቋንቋችን ወዳጅና ጠላትን በአንዲት ፊደል ይለያል። «ፈረደልህ» የተባለ ቤቱ ይገባል፤ «ፈረደብህ» የተባለ ወህኒ ይወርዳል። ዘነበለት የምንለው ገበሬውን ነው፤ ዘነበበት የምንለው ልብስ ያሰጣውን። መሰከረልኝና መሰከረብኝ መካከል ያለውን ርቀት ፍርድ ቤት የቆመ ያውቀዋል። ይህን የመሰለ ሚዛን በእጃችን ይዘን ሰዉ ሁሉ ነገሩን በ«ል» ይጨርሰዋል። ቆረጥኩልህ። ቀባሁልህ። ጣልኩልህ። ፋቅኩልህ። ሳይጠየቅ የተሠራ ሥራ ሁሉ በ«ብ» እንዲነገር የሚያስገድድ አዋጅ ቢወጣ የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ። «ኒምህን አሳመርኩብህ» ቢለኝ ኖሮ ጎረቤቴን ያኔውኑ ይቅር ባልኩት፤ በረካውንም ባልቀረሁ።

ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለውን ነው። አባባሉ ማሰሪያ ግሥ የለውም፤ ልብ ብላችሁ እዩት። ማን ሰጠው? መቼ መለሰለት? በእጁ ነው ወይስ በግንባሩ? አይልም። ተማሪዎቼን «ዓረፍተ ነገሩን አሟሉ» እላቸው ነበር፤ አንዳቸውም እኔን ያረካ ግሥ አላመጡም። የእኔ ግምት የመጀመሪያው ተናጋሪ ንዴቱ አንቆት ሳይጨርሰው የቀረ ነው። ትናንት ሱቁ ውስጥ ይህን ተረት ልወረውርበት አፌን ከፈትኩና አልሆን አለኝ። ሰውየው ጠጠር አልመለሰልኝም። ወርቅ ነው የመለሰው፤ ያውም የሚያበራ፤ ያውም ትክክለኛ። እድሜ ልኬን ያጠራቀምኩት ተረት በሚያስፈልገኝ ቀን ከዳኝ። ሰምና ወርቅን ሞከርኩ። ስያሜው ራሱ ከእነዚሁ ሰዎች ሙያ የመጣ አይደል? ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በሸክላ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። በእናቴ ቀለበት ሰሙ ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ ወርቁ ስህተቱ። የእኛ ሊቅ ወርቁን ፍቆ ጣለና ሰሙን ወልውሎ አስረከበኝ። ይህ ጥሩ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ፣ ራት ላይ ነው። ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሐረር ውሰደው ብዬህ ነበር» አለች።

ሱቁ ውስጥ ያልኩት ግን «ቁራጩስ?» የሚል ብቻ ነው።

«የቱ ቁራጭ?»

«ሲጠብ የወጣው።»

«እሱማ ለብየዳው ገባ።»

እዚህ ላይ ቀልዱ አበቃ። ወርቅ ሠሪ ባልሆንም ሞኝ አይደለሁም። ለብየዳ የሚገባው ከቀለበቱ ቀድሞ የሚቀልጥ ድብልቅ ነው፤ የቀለበቱ ቁራጭ ራሱ ቢሆን ኖሮ እሱ እስኪቀልጥ ቀለበቱም አብሮት ይፈስስ ነበር። ወርቅ ሠሪ የሱቁን ጥራጊ እንኳ አይጥልም፤ ብናኙ ወርቅ ነውና ጠርጎ ያስቀምጠዋል፣ ሲጠራቀም ያቀልጠዋል። የእናቴ 75 አሁን እዚያ፣ ከሌላው ሰው የጆሮ ጌጥ ብናኝ ጋር ተደባልቆ አንድ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ነጻ ያለው ሥራ ደመወዙን አስቀድሞ ቆርጦ ወስዷል። ማስረጃ ግን የለኝም፤ ስሰጠው አላስመዘንኩም። ደረሰኝ ተብዬው ላይ ያለው «ቀለበት 1» የሚል ብቻ ነው፤ ግራሙም ካራቱም አልተጻፈም። ለልጆቻችሁ ጫማ ስትገዙ እንኳ ቁጥሩ ይጻፋል! ከፈልኩና ወጣሁ። አዎ፣ ከፈልኩ። ስወጣም፣ ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

ልጄ ቀለበቱን አጥልቃ አየችው፤ ልክ ሆነላት። «አባዬ፣ አሁን እኮ ትክክል ሆነ» አለች። ስለ 75ቱ፣ ስለ አባቴ ክራቫት፣ ስለ ዶሮው እንደገና ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና «አንተስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ስታስተካክል ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። ያ ሌላ ነው አልኳት። እንዴት ሌላ እንደሆነ አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ተረቱንም፣ «ል» እና «ብ»ንም፣ ሰምና ወርቁንም ሌሊቱን አዘጋጅቼ ነበር። ሰውየው ሻይ አዘዘልኝ፤ ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ በእውነት አዝኖ «ታዲያ ስህተቱን መልሼ ልጻፍልህ?» አለ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ታስቦበት በመሣሪያ የሚቀረጽ 1975 ያ የእናቴ 1975 ይሆናል ወይ? «እሱ ግን ይከፈልበታል፤ ደግሞም ሲፋቅ ይሳሳል» አለ ቀለበቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ እያየ።

እስቲ ላስብበት ብዬ ተነሳሁ። «ማክሰኞ ና» አለኝ። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።