የመጀመሪያው መርፌ የማን ክንድ ላይ ይሁን?

ወገኖቼ፣ የምናገረው ቅር ያሰኛችሁ ይሆናል። ዝም ብል ግን ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አውሮፕላን ስንሳፈር አብራሪው ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በሚያስመስል ማሽን፣ ደጋግሞ ተለማምዷል ብለን አምነን ነው። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ይህን ለምን አንጠይቅም? በሕክምና ትምህርት የቆየ አባባል አለ፦ አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር። ያ «አንዱ» ግን ሰው ነው። የሆነ ሰው እናት ናት።

የኔም እናት ሆና አይቻለሁ። ተለማማጁ ደም ሥሯን ፍለጋ አራት ጊዜ ወጋት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእሷም ለእሱም አዘንኩ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊት የፕላስቲክ ክንድ እንኳ አቅርቦ ያለማመደው አልነበረም።

«በአሻንጉሊት ሕክምና ይማራል እንዴ?» እያላችሁ የምትስቁ፣ እባካችሁ ተዉ። ልብና ሳንባን ለማነቃቃት መለማመጃ የሆነችውን አን የተባለች ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያላት አሻንጉሊት) በ1960 ለዓለም ያቀረበው ኖርዌያዊው አስሙንድ ሌርዳል በእርግጥም አሻንጉሊት ሠሪ ነበር። ልቡ የቆመን አዋቂ ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች መጫን በንባብ አይለመድም። ክንድ ሲዝል ነው የሚገባው። ተወልዶ መተንፈስ ላቃተው ሕፃንም አየር መስጠት በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። በዚያች ደቂቃ ማን መጽሐፍ ይገልጣል?

እናንተ ደግሞ ማኒኪን አስገዝታችሁ ላስቲኩ ሳይቀደድ የቆለፋችሁበት፣ በጣም ታሳዝናላችሁ። መግዛቱ ብቻ ምን ይረባል? ዕቃው ብቻውን አያስተምርም። ትልቁ ትምህርት ያለው ከልምምዱ በኋላ አብሮ ቁጭ ብሎ «የቱ ጋ ተሳሳትን?» መባባሉ ላይ ነው። እዚያ ተማሪን ማሸማቀቅ ነውር ነው! የተሸማቀቀ ተማሪ ስህተቱን ይደብቃል። የደበቀውንም ይዞ ዎርድ ይገባል።

ማኒኪን ታካሚን ይተካል አልልም። የሰው ሕመም፣ የሰው ፍርሃት ፕላስቲክ ላይ የለም። ግን የመጀመሪያው ስህተት እዚያ ይሠራ፤ ፕላስቲክ አያምመውም።

እኛም ታካሚዎችና ቤተሰቦች ዝምታው ይብቃን። «ይህን ከዚህ በፊት ተለማምደኸዋል ልጄ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ያን ቁልፍ ፈልጉና ክፍሉን ክፈቱት።